የአየር ንብረት ፖሊሲ ሞዴሎችን ለምታነጻጽሪው ልጄ

«ሦስት ሪፖርት አንብቤ ሦስት ዓይነት ወጪ አገኘሁ፤ የቱን ልመን?» ብለሽኛል። ማመኑን ለጊዜው ተይውና የምልሽን አድርጊ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመደምደሚያው ቁጥር በፊት መነሻውን ፈልጊ። ኢትዮጵያ በ2015፣ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ጉባኤ በፊት ባቀረበችው ዕቅድ በ2030 የበካይ ጋዝ ልቀቷን በ64 በመቶ እንደምትቀንስ ገልጻለች። ላይ ላዩን ላነበበው ዛሬ ካለው ልቀት ከግማሽ በላዩ የሚጠፋ ይመስላል። ዝርዝሩ ሌላ ነው። በ2010 ልቀቱ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ የ2030 ግብ ደግሞ 145 ሚሊዮን። 64 በመቶው የተሰላው ምንም ካልተደረገ ይደረስበታል ከተባለው 400 ሚሊዮን ላይ ነው። ዕቅዱ ማታለያ ነው ማለቴ አይደለም፤ ኢኮኖሚ እያደገ ልቀት ባለበት እንዲረጋ ማድረግ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን 400ው ግምት ነው። ኢኮኖሚው ይፈጥናል፣ ከብቱ ይበዛል፣ ደኑ ይመነጠራል ከሚል የመጣ። መነሻውን ወደ 300 አውርጂው፤ ግቡ ያው 145 ሆኖ ቅናሹ ወደ 52 በመቶ ያንሳል። የወጪው ስሌትም አብሮት ይወርዳል።

2. ገንዘቡ ከማን ወጥቶ ወደ ማን እንደሚገባ ተከተይ። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በ2009 በ219 ለ212 ድምፅ ያጸደቀውን፣ በሴኔቱ ግን የቀረውን የልቀት ፈቃድ ግብይት ረቂቅ ተመልከቺ። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ በ2020 ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውን ዓመታዊ ወጪ 890 ዶላር አለው። የፈቃዶቹ ዋጋ ዞሮ ወደ ሕዝቡ ሲመለስ ግን የተጣራው 175 ዶላር ሆነ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ተቃዋሚ አንዱን፣ ደጋፊ ሌላውን ይዞ መሄድ ይችላል። 175ቱም ቢሆን አማካይ ነው። ከአምስት እኩል የገቢ መደቦች ዝቅተኛው በአማካይ 40 ዶላር ያተርፋል፤ ከፍተኛው 245 ይከፍላል። ከሁሉ የሚጎዳው ከሀብታሞቹ ቀጥሎ ያለው መደብ ነው፤ 340 ዶላር። ከሪፖርቱ ሁሉ እኔን የሳበኝ ይህ ነው፤ የምርጫ ድምፅ የሚያሳጣው እዚህ ጋ ነውና።

3. የነገን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመልሰውን ምጣኔ አትለፊው። ኢኮኖሚስቱ ኒኮላስ ስተርን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ባወጣው የ2006 ሪፖርት 1.4 በመቶ ገደማ ተጠቀመ፤ ሌላው ኢኮኖሚስት ዊልያም ኖርድሃውስ 5.5 በመቶ አካባቢ። ከ50 ዓመት በኋላ የሚደርስ የ100 ብር ጉዳት በስተርን ስሌት ዛሬ 50 ብር ያወጣል፤ በኖርድሃውስ 7 ብር። አንዱ «አሁኑኑ፣ በብርቱ» ሲል ሌላው «ቀስ በቀስ» ያለው በአብዛኛው ከዚህ ተነስቶ ነው። ለልጅ ልጆቻችን ምን ያህል እንጨነቅ የሚለውን ጥያቄ የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻውን ሲመልሰው ደስ አይለኝም።

4. ያልተቆጠረውን ጠይቂ። ከላይ ያልኩሽ የአሜሪካ ስሌት የሙቀት መጨመርን በመግታት የሚገኘውን ጥቅም አላካተተም። ወጪን ብቻ የሚደምር ሞዴል ሁልጊዜ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ርካሽ ያደርገዋል።

5. ሞዴሎቹን በአንድ ዓይነት ግምት አስኪጃቸው፦ አንድ የዕድገት መጠን፣ አንድ የነዳጅ ዋጋ፣ አንድ ምጣኔ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢነርጂ ሞዴሊንግ ፎረም ከ1976 ጀምሮ ሞዴሎችን ጎን ለጎን ሲያነጻጽር ኖሯል። ግምቱ አንድ ከሆነ በኋላም የማይጠፋው ልዩነት የሞዴሎቹ የራሳቸው ነው፤ ጽሑፍሽን እዚያ ላይ አሳርፊ። ግምቶቹን አላሳይም የሚል አማካሪ ከገጠመሽ ቁጥሩን ከማነጻጸሪያ ሠንጠረዥሽ አውጪው፤ አለቃሽ ለምን ቢሉሽም ምክንያቱን ሳትፈሪ ንገሪያቸው።