ከፓምፕ ፋብሪካ ወደ መኪና ውድድር

ጥያቄ፦ እንግሊዝ የምኖር የ31 ዓመት ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ዲዛይን ነው። ወደ ፎርሙላ 1 ለመግባት ረፍዶብኛል?

መልስ፦ በፍጹም አልረፈደብዎትም፤ ያሉበት አገርም ለዚህ የተመቸ ነው። ከውድድሩ ቡድኖች መካከል ማክላረን ዎኪንግ፣ ሬድ ቡል ሚልተን ኪንስ፣ መርሴዲስ ብራክሊ፣ ዊሊያምስ ግሮቭ ነው ያሉት። የፓምፕ ሥራዎን አያቃልሉት፤ የፈሳሽ ፍሰት ስሌት የሞተር ማቀዝቀዣ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ደግሞ አብዛኛው የቡድን መሐንዲስ የውድድር ሜዳ አይረግጥም፤ ውሎው ፋብሪካ ውስጥ ነው።

የሚጎድልዎት የውድድር ልምድ ነው። ቅዳሜና እሁድ በክለብ ውድድር የሚሳተፍ ትንሽ ቡድን ፈልገው በነፃ ያግዙ። መኪናው ፒት (የጥገና ቦታው) እንደገባ የጎማውን ሙቀት ከውስጥ ጠርዝ፣ ከመሃልና ከውጭ ጠርዝ ይለኩ። መሃሉ ከሁለቱ ጠርዞች በልጦ ከጋለ ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቷል ማለት ነው፤ የውስጡ ጠርዝ ብቻ እጅግ ከጋለ ግን የጎማውን ዘንበል ማለት ይመርምሩ። ይህን ለቸኮለ አሽከርካሪ በአጭሩ ማስረዳት ከቻሉ፣ ለቃለ መጠይቅ የሚያቀርቡት እውነተኛ ሥራ አለዎት። እኔ ከሁለተኛ ዲግሪ ይህን አስቀድማለሁ።

ደመወዝዎ መጀመሪያ ላይ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ያሁኑን ሥራ ሳይለቁ ይጀምሩ።