ከሁለት ሰማያዊ ቀለሞች የቱ ይመረጥ?

ጥያቄ፦ ለመኝታ ቤት ግድግዳ ውሃ ሰማያዊ ይሻላል ወይስ ጠቆር ያለ ሰማያዊ?

መልስ፦ ምርጫውን በቅድሚያ የሚወስነው ክፍሉ የሚያገኘው ብርሃን ነው። ውሃ ሰማያዊ የሚያርፍበትን ብርሃን በብዛት ስለሚያንጸባርቅ ጠባብና መስኮቱ ትንሽ የሆነን ክፍል ሰፋና ፈካ ያለ ያስመስለዋል። ጠቆር ያለው ብርሃን ይውጣል፤ በሰፊና ብርሃን በሞላው ክፍል ግን እርጋታ ይሰጣል።

መስኮቱ የዞረበት አቅጣጫም ይታያል። ወደ ምሥራቅ ከሆነ ቀለሙ ጠዋት ሞቅ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ተቃራኒው ይሆናል። ማታ ደግሞ ወሳኙ አምፖሉ ነው። 2700 ኬልቪን ገደማ የሆነ ቢጫማ ብርሃን ሰማያዊውን ወደ ግራጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ያዘነብለዋል፤ 6500 ኬልቪን የሆነ ነጭ ብርሃን ግን ሰማያዊነቱን ያጎላዋል።

በትንሽ የናሙና ካርድ ብቻ መወሰን ያሳስታል፤ አራቱም ግድግዳዎች ሲቀቡ ቀለሙ ከካርዱ ይልቅ ጠንክሮ ይታያልና። አስተማማኙ መንገድ ሁለቱንም ቀለሞች 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ነጭ ካርቶኖች ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀብቶ ማድረቅ ነው። ከዚያ ካርቶኖቹ ከመጋረጃውና ከወለሉ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ በአምፖል ይታያሉ።

በጥቅሉ፣ ክፍሉ ጠባብ ወይም ጨለም ያለ ከሆነ ውሃ ሰማያዊው ይመረጣል። ጠቆር ያለው ከተወደደም በአልጋው ራስጌ በኩል ያለውን አንድ ግድግዳ ብቻ በእሱ መቀባት ይበቃል።