ጀጎልን ለምትስዪው ልጄ

ደብተርሽን ይዘሽ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ስትዞሪ ሳይ ደስ ይለኛል። እጅሽ ደፋር ነው፤ የጎደለሽ መለካት ነው። ዓይን የወደደውን ያተልቃል። ለዚህ ነው በር ስትስዪ የተቀረጸው ሳንቃ ገንኖ ግድግዳው የሚኮሰምነው።

1. ከዝርዝሩ በፊት ጠቅላላውን ያዢ። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ከሚሉት ከሸዋ በር ፊት ቁሚ። እርሳስ ይዘሽ ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርጊ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ የበሩን ስፋት ከእርሳሱ ጫፍ እስከ አውራ ጣትሽ ድረስ ያዢ። ያንኑ ልክ ወደ ላይ አዙረሽ ቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠሪ። ወረቀትሽ ላይ በሩ ቢያንስም ቢተልቅም ያ ቁጥር አይለወጥም። ክርንሽ ከታጠፈ ግን እርሳሱ ወደ ዓይንሽ ይቀርባል፤ ልኩ ይበላሻል።

2. አንገትሽን ሳታዞሪ የሚታይሽን ብቻ ሳዪ። የጀጎል መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ ወደ ኋላ መሸሻ የለም፤ አንገትሽን ባዞርሽ ቁጥር ሌላ ሥዕል ትጀምሪያለሽ። በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ቤት ብትስዪም ያው ነው። ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ፊት ለፊት ያለውን ያገንናል፣ ዳር ዳሩን ይለጥጣል። ከፎቶ የምትሠሪ ከሆነ ከቻልሽው ርቀት አንሺ፣ ቦታው ላይ ሆነሽም ሁለት ሦስት ዋና ልኮችን ደብተርሽ ላይ ጻፊ።

3. ቱንቢ ያዢ። ክር ላይ ጠጠር ማሰር ይበቃል። ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑት የሐረር ግድግዳዎች ሁልጊዜ ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ክሩ የትኛው እንዳዘመመ፣ በምን ያህልም እንዳዘመመ ይነግርሻል። ከተማው ተዳፋት ላይ ስለሆነ መንገዱም ያታልላል። አግድም የሆኑት የጣራ መስመሮች እየራቁ ሲሄዱ ወደ ዓይንሽ ከፍታ ይሰበሰባሉ፤ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ዳርና ዳር ግን ከዚያ በታች ነው የሚገናኘው። መጽሐፍ ላይ ያየሽውን አንድ መገናኛ ነጥብ ለሁሉም ከሰጠሽ ቁልቁለቱ ሜዳ ይሆንብሻል።

4. ባዶውን ሳዪ። በሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚታየው ሰማይ የራሱ ቅርጽ አለው። እሱ ከተስተካከለ ግድግዳዎቹም ይስተካከላሉ።

5. ሰውን በራሱ ለኪ። የቆመ አዋቂ ቁመት ሰባት ከግማሽ ራስ ያህል ነው፤ ዓይንም ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሃል ላይ ነው። ጀማሪ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ በተለይ የሚስላት ሴት ሻሽ ካሰረች የራስ ቅሏን ይረሳል። በሐረሪ ቤት ነደባ በሚባለው መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ስታገኚ ግን ሰባት ከግማሹን ተዪው። ከነደባው ጠርዝ እስከ አናቱ ስንት ራስ ይሆናል? ጉልበቱስ የት ላይ ይወድቃል? ወደ አንቺ የተዘረጋ ጭን ከምታስቢው በላይ አጭር ነው፤ ዓይንሽ እምቢ ቢልም የለካሽውን እመኚ።

6. «ገብረ ክርስቶስ ደስታም አልለካም» አትበዪኝ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1932 እዚሁ ሐረር የተወለደው ይህ ሰው የረቂቅ ሥዕል ፈር ቀዳጅ ቢሆንም በጀርመን ኮሎኝ በትምህርት ተኮትኩቶ የመጣ፣ ኋላም አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ቅዱሳኑን ከፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹን ከጎን በአንድ ዓይን ሲስሉ አውቀው ነው። ልክን አውቆ መተውና ሳያውቁ መሳት እጅግ ይለያያሉ። አንቺ ገና ልኩን እየተማርሽ ነው።

ነገ በማለዳ፣ ገበያው ሳይሞላ ሸዋ በር ሂጂ። ላጲስሽን ቤት ተዪው፤ እርሳስና ክር ይበቁሻል። ስትመለሺ ንድፉን ከነልኮቹ አሳዪኝ።