የከርሰ ምድር ውኃና የወንዝ መድረቅ

ከለንደን በስተሰሜን የሚገኘው የቬር ወንዝ የሚመነጨው ከጠመኔ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በብርዱ ወራት የጣለውን ዝናብ በስንጥቆቹ አምቆ ይዞ በበጋ በምንጮች አማካይነት ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ይለቃል። ለከተሞች መጠጥ ብዙ ውኃ በፓምፕ ሲሳብ ግን የከርሰ ምድሩ ውኃ ከምንጮቹ አፍ በታች ስለሚወርድ፣ ወንዙ ከላይኛው ክፍሉ ጀምሮ ይደርቃል። በቬር የደረሰውም ይኸው ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ፍራየርስ ዎሽ የተባለው የውኃ መሳቢያ ጣቢያ ሥራውን ካቆመ በኋላ የወንዙ ፍሰት ተሻሽሏል።

ወንዙ ከከርሰ ምድር ውኃ በሚመገብበት ሥፍራ ሁሉ ጉድጓዱና ወንዙ አንድ ውኃ ይካፈላሉ። ስለዚህ ለሠፋሪዎች ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት በአካባቢው ያሉት ምንጮች ሊለኩ፣ ከተቆፈረም በኋላ የውኃው ከፍታ በየጊዜው ሊመዘገብ ይገባል። አለዚያ ለአንዱ መንደር የተሰጠው ውኃ ከሌላው መንደር የተወሰደ ሊሆን ይችላል።