ዴራ ላይ ክረምት ለሚጀምር ልጅ

ልጄ፣ ዴራ ላይ ቤት ይዘህ የመጀመሪያ ክረምትህን ልትገባ ነው። አንተ ያደግኸው አሰላ ስለሆነ ክረምት ሲባል የሚታይህ ጭቃው፣ ጉሙ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድና ጋቢ ነው። ዴራ ግን ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከአሰላ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች የግራር አገር ናት። ዝናቡ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይዘገያል፤ አንዳንዴም ደጋው ላይ ወርዶ ያልቅና ለእኛ ደመናውን ብቻ ያሳየናል። ስለዚህ እዚህ ክረምቱ የሚጣፍጠው ለሚጠብቅና ለሚያይ ሰው ነው። ጓሮህ በየሳምንቱ ግራ የሚያጋባ ነገር ያመጣልሃል። መድኃኒት ልትገዛ ወይም ልትነቅል ከመነሳትህ በፊት ምክንያቱን ፈልግ። ምክንያቱን ያገኘህ ቀን ደስታውም አብሮ ይመጣል።

1. የመጀመሪያው ዝናብ ሲያካፋ ሥራህን ጥለህ በረንዳ ላይ ውጣ።

ያ የአፈር ሽታ የዓመቱ የመጀመሪያ ስጦታ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ አታሳልፈው። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ጂኦስሚን የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ የሰው አፍንጫ ደግሞ ይህን ነገር እጅግ ጥቂቱን እንኳ ለይቶ ያውቃል። በበጋው እፅዋት የሚያወጡት ዘይትም አፈሩና ድንጋዩ ላይ ተጠራቅሞ ይቆያል። ይህን ሁለት የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ጽፈው ለሽታው ስም አወጡለት። ሽታው እንዴት ወደ አፍንጫችን እንደሚነሳ የታየው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ አገር የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ሲቀርጹ ያዩት ይህን ነው፤ ጠብታው አፈር ሲነካ ሥሩ አየር ይይዛል፤ አየሩ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ለስላሳ ፈንድቶ ሽታውን ይረጨዋል። ኃይለኛ ዝናብ ለአረፋው ጊዜ አይሰጠውም። ካፊያው ከዶፉ የበለጠ የሚሸተው ለዚህ ነው። ዴራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሳት ካፊያ ነውና በዚህ በኩል ከአሰላ ሰው የተሻለ ዕድል አለን።

2. የጣራህን ውሃ አታባክን።

ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ቆርቆሮህ 50 ካሬ ሜትር ቢሆንና 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 500 ሊትር ወረደልህ ማለት ነው። ሁለት በርሚል ሞልቶ ይተርፋል። አሸንዳውን ሰኔ ሳይገባ ጥረግ። የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ በርሚል ውስጥ አታስገባው፤ ለጌሾው ወይም ለሎሚው ልቀቀው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ። በርሚሉን ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ሸፍነህ በገመድ እሰረው። እኛ ያለንበት ከፍታ ወባ የሚደርስበት ነው። ድሮ ወባ የረግረግና የኩሬ ነገር ነበር፤ አሁን ግን አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባል ከእስያ የመጣ ትንኝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። እሱ የሚወደው ሰው ያጠራቀመውን ንጹህ ውሃ ነው፤ በርሚል፣ ታንከር፣ የግንባታ ጉድጓድ። ከእንቁላል ተነስቶ የሚበር ትንኝ ለመሆን አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ጨርቁን ገልጠህ ውሃው ውስጥ የሚወራጩ ትሎች እንዳሉ እይ። ካሉ ውሃውን አትክልት ላይ ድፋው፤ ደረቅ መሬት ላይ ይሞታሉ።

3. ፀሐይ እያለ ደረቁ ሸለቆ ሲያጓራ ልጆችን አርቅ።

እዚህ አዲስ የሆነ ሰው የሚደነቅበት ነገር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ግን ቦዩ በቀይ ውሃ ሞልቶ ይመጣል። ዝናቡ የዘነበው ላይኛው አርሲ ነው፤ ውሃው ቁልቁል እስኪደርስ ሰዓት ፈጅቶበታል። ወደ ደቡብ ቀና ብለህ ተራሮቹ ከጠቆሩ፣ ዴራ ላይ ምንም ባይዘንብም ሸለቆ አትሻገር። እዚሁ አካባቢያችን ያሉ የዶዶታ ገበሬዎች ይህንኑ ጎርፍ ጠልፈው እርሻቸውን ያጠጡበታል፤ ቦሩ ዶዶታ የሚባለው የጎርፍ መስኖ የተሠራው ለዚህ ነው። የተራራውን ዝናብ ቆላ ላይ ሆኖ መብላት ይቻላል ማለት ነው። አንተም ከመንገዱ ወደ ጓሮህ የሚያዘነብል ትንሽ ቦይ ብትቆፍር ጎመንህ ይጠግባል።

4. ዱባህ አበባ አራግፎ ፍሬ ከለከለኝ ብለህ አትዘን።

በየክረምቱ ቢያንስ አንድ ሰው ይህን ሊጠይቀኝ ይመጣል። ዱባው ግቢውን ሞልቶታል፣ አጥሩ ላይ ወጥቷል፣ ቢጫ አበባው ጠዋት ጠዋት ያበራል፤ ከዚያ አበባው ጠውልጎ ይወድቃል፣ ፍሬ የለም። ሰውየው ቡዳ በልቶብኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ሌላው መድኃኒት ሊረጭ ይነሳል።

ዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። ቀድሞ የሚመጣው ወንዱ ነው። ወንዱ ረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ የወንድ አበባ ሥራው ዱቄቱን መስጠት ስለሆነ ጊዜው ሲደርስ መውደቁ ያለ ነው። ሴቷ አንድ ሁለት ሳምንት ዘግይታ ትመጣለች፤ ከአበባዋ በታች የጣት ጫፍ የምታህል ትንሽ ዱባ ስላለች ትለያታለህ። አበባው የሚከፈተው ማለዳ ነው፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ይዘጋል። በዚያች ሰዓት ንብ ካልጎበኘቻት ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ጠዋት የዘነበ ቀን ንብ አትወጣም፣ የዚያን ቀን አበባ ባከነ ማለት ነው።

እንግዲህ ንቧን ተክተህ አንተ ሥራ። በማለዳ አንድ ወንድ አበባ ቁረጥ፣ የአበባውን ቅጠሎች ገሽልጥ፣ መሃል ላይ የቀረውን ቢጫ ዱቄት ያለበትን ዘንግ የሴቷ አበባ መሃል ላይ ቀስ አድርገህ አሽ። በቃ። ከሳምንት በኋላ ትንሿ ዱባ ወፍራ ታገኛታለህ፤ ቤት ውስጥ እንደዚህ ያለ ደስታ በነጻ አይገኝም። ሴት አበባ ጭራሽ ካልመጣች ደግሞ ፍግ አብዝተህባታል፤ ብዙ ፍግ ቅጠል ያወፍራል እንጂ ፍሬ አያመጣም። ስትቆርጥም አትቸኩል፤ ጥፍርህ ቅርፊቱን የማይበሳው ጊዜ ደርሷል። መያዣ እንጨቱን አብረህ ተውለት፣ ብዙ ጊዜ ይቀመጥልሃል።

5. በቆሎን በአንድ ረጅም ረድፍ አጥር ጥግ አትዝራ።

ሰው ቦታ ለመቆጠብ እንዲህ ያደርግና እሸቱን ሲልጥ ጥርሱ የተበተነ ይሆንበታል። እያንዳንዱ የበቆሎ ፀጉር አንድ ክር ወደ አንድ ፍሬ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ያለው አበባ ዱቄት ይዘንባል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ዱቄት ያልነካው ክር ፍሬውን ባዶ ያስቀራል። አራት አጫጭር ረድፍ ጎን ለጎን ዝራ፤ እርስ በርስ ይዳረሳሉ።

ቅጠሉ ቀትር ላይ ተጠቅልሎ ብታይ ውሃ ይዘህ አትሩጥ። ውሃው እንዳይተንበት ራሱን እየቆጠበ ነው። ማምሻውን ከተዘረጋ ደኅና ነው፤ በማለዳም ተጠቅልሎ ካደረ ግን ተጠምቷል፣ አጠጣው።

የመሃሉን ጥቅል ቅጠል በየሁለት ቀኑ ገልጠህ እይ። ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ አለ። የጓሮ በቆሎ ጥቂት ስለሆነ በእጅ ለቅሞ መጨረስ ይቻላል። ቅጠል ላይ ተከምሮ የተጣለውን እንቁላል በጣትህ ጨፍልቀው፤ ትሉን ከተደበቀበት አውጥተህ ለዶሮዎቹ ስጥ። መድኃኒት ከመርጨት ይህ ይሻላል፤ ንቦቹን ለዱባው ትፈልጋቸዋለህና።

እሸቱን ደግሞ ከሰሉ ከቀላ በኋላ ቁረጥ። ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ይሄዳል፤ የገበያ እሸትና የጓሮ እሸት አንድ የማይሆኑት በዚህ ነው። ስትበላ ረድፉን ቁጠር። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት ታገኝ ይሆናል እንጂ አሥራ ሦስት አታገኝም ማለት ይቻላል። ገና በጅምሩ እያንዳንዱ እንቡጥ ለሁለት ስለሚከፈል ረድፉ ጥንድ ይሆናል። የጎረቤት ልጆች ሲመጡ አስቆጥራቸው፤ ጎዶሎ ላገኘ አንድ እሸት ጨምሬ እሰጣለሁ በላቸው።

6. ዝናብ ባባራ ምሽት ክንፍ ያለው ምስጥ ቤትህን ከወረረ መብራቱን አጥፋ። ሊያገቡና አዲስ ጎጆ ሊመሠርቱ የወጡ ናቸው፤ ብርሃን ይስባቸዋል እንጂ ቤትህን ፈልገው አልመጡም። ጠዋት ክንፉን ጥረግ፣ ዶሮዎቹን ልቀቅ።

7. የቲማቲምህ ቂጥ ከጠቆረ በሽታ አይደለም። ሳምንት አድርቀህ አንድ ቀን ስታጥለቀልቀው ካልሲየም ፍሬው ጋ በወጉ አይደርስም። ጥቂት ጥቂት እያልክ ዘውትር አጠጣ፣ ሥሩን በገለባ ሸፍን።

8. ሊጥህን እንደ አሰላ ቀን አትቁጠርለት።

ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዴራ ከአሰላ አራት አምስት ዲግሪ ትሞቃለች፤ እርሾ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። እናትህ ቤት ሦስተኛ ቀን የሚጠብቅ ቡሆ እዚህ በሁለተኛው ቀን ሊደርስና ሊያልፍ ይችላል፤ ካለፈ እንጀራው ይኮመጥጣል። በቀን ሳይሆን በዓይንህና በአፍንጫህ ፍረድ። ላዩ ላይ ውሃ አቅርሮ ሊጡ አረፋ መያዝ ሲጀምር አብሲቱን ጣልለት። የሐምሌ ሌሊት ከቀዘቀዘ ደግሞ ቡሃቃውን ምድጃው አጠገብ አሳድረው። እንጀራውን ሳይበርድ አትደራርበው፤ እንፋሎቱ ታፍኖ በክረምት ቶሎ ይሻግታል። ወንድ ልጅ ይህን ምን ያደርግለታል የሚልህ ካለ አትስማው። የራሱን ሊጥ የሚያውቅ ሰው ማንም ቤት አይራብም።

9. እስስት አትግደል።

በልጅነታችን ትነክሳለች፣ ትመርዛለች ብለው ያስፈሩን ነበር። መርዝ የላትም። ምላሷ ከሰውነቷ ይረዝማል፣ ዝንብ የምትይዘው በእሱ ነው። ቀለሟ የሚለዋወጠው ለመደበቅ ብቻ አይደለም፤ ሲበርዳት ሙቀት ለመሳብ ትጠቁራለች፣ ስትቆጣም ትለወጣለች። በማለዳ ጥቁር ሆና አጥር ላይ ካየሃት ፀሐይ እየሞቀች ነውና ተዋት።

ግራሩንም አትቁረጥ። በክረምቱ ቢጫዎቹ ወፎች ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ጎጆ ያንጠለጥላሉ። የሚሠራው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መጥታ ታየዋለች፣ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች፣ እሱም ሌላ ይጀምራል። ቀጭኑ ጫፍ ላይ የሚሠራው እባብ እንዳይደርስበት ነው። ከሰዓት በኋላ ቡናህን ይዘህ ከሥሩ ተቀመጥ፤ ከዚያ የተሻለ ትርዒት ዴራ ውስጥ አላውቅም።

10. ቡና ስታፈላ ጎረቤት ጥራ። ገብስ ቆላ፣ ጭኮ ካለህ አቅርብ። የጓሮ ጤና አዳም ጣል አድርግበት፤ ግን ፀሐይ ላይ ቆመህ ስትቆርጠው ጭማቂው ከነካህ እጅህን ቶሎ ታጠብ፤ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ አንዳንዱን ሰው ቆዳ ያቃጥላል። ጎረቤትህ ሙስሊምም ትሁን ክርስቲያን የጓሮ ነገር ያለ ጎረቤት አይሰምርም፤ የእሷ ንብ ነው የአንተን ዱባ የሚያፈራው።

11. ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት ከዘነበ ከልጆቹ ጋር ውጣና ተመታ። ትልቅ ሰው ነኝ ብለህ በመስኮት አትመልከት።

12. ከጣፈጠህ ዱባ ዘር አስቀር።

አንድ ነገር ግን እወቅ። ጎረቤትህ ሌላ ዓይነት ዱባ ከነበራት ንቧ ዱቄቱን ቀላቅላው ይሆናል። የዘንድሮው ፍሬ ጣዕም አይለወጥም፤ ዘሩ ውስጥ ግን ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። የሚመጣው ዓመት ዱባ መልኩ ሌላ ሆኖ ቢወጣ ዘሬን ለወጡብኝ ብለህ አትጣላ። ለማጥራት ከፈለግህ፣ ነገ የምትከፈተውን ሴት አበባ ዛሬ ማታ በክር አስረህ አሳድራት፤ ጠዋት ፈትተህ ያንኑ ከመሰለ ወንድ አበባ ራስህ አዳቅላት፣ መልሰህም እሰራት። እሷን በቀይ ክር ምልክት አድርግባት። ዘሩን አጥበህ ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ አድርቅ፣ በደንብ ሲደርቅ ከጥቂት አመድ ጋር ጠርሙስ ውስጥ አስገብተህ ክደን። ከዚያ ለሁለት ክፈለውና ግማሹን ለጎረቤትህ ስጥ፤ የአንተ ባይበቅል ከእሷ ትወስዳለህ።