የከብት መድኃኒት በልኩና በጊዜው ስለ መስጠት

ለደጋው ገበሬ በሬ የእርሻው ኀይል፥ ላም የቤቱ ወተትና ቅቤ ናት። ለቆላው አርቢም ከብቱ ሀብቱም መከበሪያውም ነው። ስለዚህ ከብቱ በታመመ ጊዜ ባለቤቱ ፈጥኖ መድኃኒት መፈለጉ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን መድኃኒት ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን በልኩ መስጠት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በጐደሎ መጠን ወይም ለማይገባው በሽታ የተሰጠ መድኃኒት ገንዘብ ከማባከኑ በላይ፥ ነገ ከብትም ሆነ ሰው በታመመ ጊዜ ያው መድኃኒት ኀይል እንዳይኖረው ያደርጋል። የዚህ ነገር ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፥ መጠንቀቂያውም እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ተገልጧል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች ባክቴሪያ የተባሉትን፥ በዓይን የማይታዩትን ረቂቃን ተሕዋስያን የሚገድሉ ወይም እንዳይራቡ የሚያግዱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል እጅግ የታወቀው ፔኒሲሊን ሲሆን፥ እርሱንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ያገኘው እስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በአገራችን ለከብት በብዛት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒትም ከዚሁ ወገን ነው።

ፍሌሚንግ በ1945 ዓ.ም. ከሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ ጊዜ ባደረገው ንግግር አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ማስጠንቀቂያውንም በምሳሌ አስረዳ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ታመመና ከሐኪም ሳይጠይቅ ፔኒሲሊን ገዝቶ በጥቂቱ ወሰደ። የወሰደውም መጠን ተሕዋስያኑን ለመግደል የማይበቃ፥ መድኃኒቱን እንዲላመዱ ለማድረግ ግን የሚበቃ ነበር። በኋላም ሚስቱ በእነዚያው ተሕዋስያን ተይዛ ሳምባዋን ታመመች፤ ፔኒሲሊን ቢሰጣትም ሊያድናት ስላልቻለ ሞተች። ምሳሌው የሚያስተምረው፥ ጥፋቱን የሠራው አንድ ሰው ሲሆን ዕዳውን የከፈለው ሌላ ሰው መሆኑን ነው። በከብት በረትም የሚሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ተሕዋስያን መድኃኒትን የሚላመዱት እንዴት ነው?

በታመመ ከብት አካል ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን በቍጥር እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን በጥንካሬ እኩል አይደሉም። ከሚሊዮኖቹ መካከል መድኃኒቱን ከሌሎቹ ይልቅ የሚታገሡ ጥቂቶች ሊገኙ ይችላሉ። መድኃኒቱ በሙሉ መጠን፥ ለታዘዘለት ቀን ሁሉ የተሰጠ እንደ ሆነ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የቀሩትን ጥቂቶችም የከብቱ አካል በራሱ የመከላከል ኀይል ያጠፋቸዋል። በጐደሎ የተሰጠ እንደ ሆነ ግን ደካሞቹ ብቻ ሞተው ጠንካሮቹ ይተርፋሉ፤ ስፍራውም ምግቡም ለእነርሱ ስለሚለቀቅላቸው ይራባሉ። ገበሬ ከአዝመራው መካከል ለዘር የሚሆነውን እህል መርጦ እንደሚያስቀምጥ፥ ጐደሎ መድኃኒት የሚሰጥም ሰው ሳያውቅ የጠንካሮቹን ተሕዋስያን ዘር መርጦ ያስቀምጣል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ፥ በ1959 ዓ.ም. የጃፓን ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ መድኃኒትን የመቋቋም ጠባይ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ባክቴሪያ ይተላለፋል። ስለዚህ በከብት አንጀት ውስጥ ያለ ምንም ጉዳት የሚኖር ባክቴሪያ የተላመደውን፥ ሰውን ለሚያሳምም ለሌላ ባክቴሪያ ሊያወርሰው ይችላል። በልኩ የተሰጠ መድኃኒት እንኳ የአንጀቱን ባክቴሪያ መንካቱ ስለማይቀር፥ ሳያስፈልግ መስጠት ፈጽሞ የማይገባ ነው።

ከበረት ወደ ቤት

ይህ ነገር በግምት የተነገረ ሳይሆን በሥራ የታየ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ስቱዋርት ሌቪ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ1976 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ በማሳቹሴትስ ግዛት በአንድ እርሻ ለሚረቡ ዶሮዎች ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ እንዲሰጣቸው አደረጉ። አንድ ሳምንት ያህል ጊዜ ባለፈ ጊዜ በዶሮዎቹ አንጀት ካሉት ባክቴሪያዎች የሚበዙት መድኃኒቱን ተላምደው ተገኙ። ከአምስትና ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በእርሻው ከሚኖሩት ሰዎች በየሳምንቱ ከተወሰደው የዐይነ ምድር ናሙና በ31.3 በመቶው ውስጥ፥ ከባክቴሪያዎቹ ከ80 በመቶ የሚበልጡት መድኃኒቱን የተላመዱ ሆነው ተገኙ። በጐረቤቶቻቸው ዘንድ የተገኘው ግን 6.8 በመቶ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ የገባው በዶሮዎቹ መኖ ሲሆን ለውጡ በሰዎቹ ላይ ታየ።

ሆኖም ጥናቱ ተስፋም የሚሰጥ ነው። መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ ከእርሻው ከተወገደ ከስድስት ወር በኋላ ከተመረመሩት ዐሥር የእርሻው ሰዎች በስምንቱ ዘንድ የተላመደው ባክቴሪያ ሊገኝ አልቻለም። ይህም ሰው ልማዱን ያስተካከለ እንደ ሆነ ጉዳቱ ሊቀንስ እንደሚችል ያሳያል።

በአገራችን ደግሞ ሰውና ከብት እጅግ ተቀራርበው ይኖራሉ። በብዙ ስፍራ ጥጃው በቤት ውስጥ ያድራል፤ እበቱ ይጠፈጠፋል፥ ይለቀለቅበታልም፤ ሕፃናት በረት ይጠርጋሉ፥ ከብትም ይጠብቃሉ። ስለዚህ በበረት የተላመደው ባክቴሪያ ወደ ቤት ለመግባት ረጅም መንገድ አያስፈልገውም። በ2019 ዓ.ም. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ሊቃውንት ገምተዋል። ይህ ሁሉ ከከብት የመጣ አይደለም፤ ለሰው የሚሰጠውም መድኃኒት ያላግባብ ሲወሰድ ያው ጉዳት ይደርሳል። ነገር ግን የከብቱ ድርሻ በባለከብቱ እጅ ስላለ፥ እርሱን ማስተካከል የሚችለው ባለከብቱ ነው።

መድኃኒቱ የማያድናቸው በሽታዎች

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ሌላውን የበሽታ ምክንያት አያጠፋም። አፍተግር የሚባለው የአፍና የእግር በሽታ የሚመጣው በቫይረስ ስለ ሆነ በዚህ መድኃኒት አይድንም፤ ሐኪም መድኃኒቱን ቢያዝ እንኳ ቍስሉ ሌላ ባክቴሪያ እንዳይገባበት ለመጠበቅ ነው። ገንዲ የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው ደም ውስጥ የሚኖር ሌላ ተሕዋሲ የሚያመጣው በሽታ ስለ ሆነ የራሱ የተለየ መድኃኒት አለው። የጉበት ትልና የሆድ ትልም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ከብት በከሳ፥ ጠጕሩም በቆመ ጊዜ ሁሉ አንድ ዐይነት መርፌ መውጋት፥ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒትን ማባከን ነው። መጀመሪያ በሽታውን ለይቶ ማወቅ፥ ይህም የከብት ሐኪም ሥራ ስለ ሆነ እርሱን መጠየቅ ይገባል።

ስለ መድኃኒቱ ልክ

የመድኃኒቱ ልክ የሚወሰነው በከብቱ ክብደት ነው። ሚዛን በሌለበት ስፍራ ክብደቱን በሜትር ክር መገመት ይቻላል። ከፊት እግሮቹ ኋላ በኩል የደረቱን ዙሪያ፥ ከዚያም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር መለካት ነው። የደረቱ ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ፥ በርዝመቱም ተባዝቶ ለ10,840 ሲካፈል ክብደቱን በኪሎ ግራም ያህል ይሰጣል። ለምሳሌ የደረቱ ዙሪያ 150፥ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ በሬ 249 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል።

በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ያለው ኦክሲቴትራሳይክሊን በተለመደው መመሪያ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 10 ሚሊ ግራም ሆኖ በየቀኑ ይሰጣል። እንግዲህ ይህ በሬ በቀን 25 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። 10 ሚሊ ሊትር ብቻ የተወጋ እንደ ሆነ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ያነሰ ተሰጠው ማለት ነው። ጠርሙሱ ሌላ ኀይል ያለው መድኃኒት የያዘ ሊሆን ስለሚችል፥ ሁልጊዜ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንና የሐኪሙን ትእዛዝ መከተል ያስፈልጋል። ብዙ መጠን በአንድ ቦታ አይወጋም፤ ተከፋፍሎ በተለያየ ቦታ ይወጋል እንጂ።

ችግሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከገንዘብ ማነስ ነው። ሁለት በሬ የታመመበት ገበሬ የአንድ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ዋጋ ብቻ ቢኖረው፥ ለሁለቱ አካፍሎ ለመስጠት ልቡ ይገፋፋዋል። ጠርሙሱ ግን ከላይ ለተባለው በሬ ለአራት ቀን ያህል የሚበቃ ነው። በየቀኑ እኩሌታውን እኩሌታውን ለሁለት ቢከፍለው ሁለቱም ሳይድኑ ገንዘቡም መድኃኒቱም ይጠፋል፤ በበረቱም የተላመደው ተሕዋሲ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ የትኛው በሬ መድኃኒቱን እንደሚያሻውና የትኛው በዕረፍትና በእንክብካቤ ሊድን እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቆ፥ የሚያሻውን በሙሉ ማከም ይሻላል። ከብቱ በሁለተኛው ቀን መብላት ጀመረ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥም ያው ጉዳት አለበት፤ የታዘዘው ቀን መፈጸም አለበት።

ስለ ወተትና ስለ ሥጋ

የተወጋ መድኃኒት ለጥቂት ቀን በወተትና በሥጋ ውስጥ ይቈያል። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀን ቍጥር እስኪያልፍ ድረስ ወተቱ አይጠጣም፥ አይሸጥምም፤ ከብቱም አይታረድም። ወተትን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ የመድኃኒቱን ትራፊ ግን ፈጽሞ ያጠፋል ተብሎ አይታመንበትም። የወተት ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ይህን በሌላ መንገድ ያስተውሉታል፤ መድኃኒት ያለበት ወተት የሚያረጋውን ባክቴሪያ ስለሚያግድ እርጎው በደንብ አይረጋም። ይህን ወተት ለጥጃ መስጠትም ጐደሎ መድኃኒት እንደ መስጠት ስለ ሆነ አይገባም።

መከላከል ከማከም ይሻላል

በሽታ ያልያዘው ከብት መድኃኒት አያሻውም። በላሞች ላይ ብዙ መድኃኒት የሚፈጀው የጡት በሽታ በንጽሕና በእጅጉ ይቀንሳል። አላቢው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የላሚቱንም ጡት አጥቦ ያድርቅ። የመጀመሪያውን ወተት በጥቍር ዕቃ ላይ አልቦ ቢመለከት የረጋ ነገር ያለበት እንደ ሆነ በሽታውን አስቀድሞ ያውቃል። የታመመችውም ላም ከሁሉ በኋላ ትታለብ። አባ ሰንጋንና አባ ጎርባን ለመሳሰሉት ብርቱ በሽታዎች ደግሞ ክትባት ስላለ፥ ክትባቱን በዘመቻው ጊዜ ማስከተብ ይገባል።

የክትባትን ኀይል ለማወቅ የደስታን በሽታ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የአገሩን ከብት የፈጀው፥ ገበሬውንም ያለ በሬ ያስቀረው ይኸው በሽታ ነበር። በቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ ማናቸውም አንቲባዮቲክ ሊያጠፋው አይችልም ነበር። ያጠፋው ግን በኬንያ አገር በሙጉጋ ዋልተር ፕላውራይት ያዘጋጁት ክትባትና ከዚያ የተከተለው የብዙ ዓመት ዘመቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

በጤናማ ከብትና ዶሮ መኖ ውስጥ እንዲወፍሩ ብሎ አንቲባዮቲክ መቀላቀልም የማያስፈልግ ነገር ነው። ስዊድን ይህን በ1986 ዓ.ም. ከልክላለች፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ሁሉ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክለዋል፤ ርቢያቸውም አልተቋረጠም።

በአጭሩ ባለከብት የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይጠቀማል።

1ኛ፤ በሽታው ሳይታወቅ አንቲባዮቲክ አለመስጠት።

2ኛ፤ በከብቱ ክብደት ልክ ሙሉ መጠን መስጠት።

3ኛ፤ የታዘዘውን ቀን ሳያቋርጡ መፈጸም።

4ኛ፤ የተወሰነው ቀን እስኪያልፍ ወተቱንም ሥጋውንም አለመጠቀም።

5ኛ፤ በንጽሕናና በክትባት በሽታን አስቀድሞ መከላከል።

መድኃኒት በገበያ ሲታይ የገዢው ብቻ ይመስላል፤ ኀይሉ ግን የጐረቤትም የልጅም ነው። ዛሬ በረት ውስጥ በልኩ የተሰጠ መድኃኒት፥ ነገ በዚያው ቤት ለሚታመም ሕፃን የተቀመጠ ሀብት ነው።