ሁለት ፓወርሼል በአንድ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ጅዳ ሸረፊያ በሚገኝ የካርጎ ቢሮ እሠራለሁ። የደንበኞችን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ስክሪፕት አለኝ። ፓወርሼል 7ን ከጫንኩ ወዲህ ራሴ ሳስነሣው በትክክል ይሠራል፤ ሌሊት በራሱ ሲነሣ ግን የአማርኛና የዓረብኛ ስሞች ይበላሻሉ። አሮጌውን ላጥፋው?
አንባቢ፣ ከሸረፊያ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ እባክዎ አያጥፉት። አሮጌው ፓወርሼል፣ ስሪት 5.1፣ የዊንዶውስ አካል ነው፤ በ2020 የወጣው 7 የሚጫነው ከጎኑ እንጂ በእሱ ቦታ አይደለም። መጠሪያቸውም ይለያያል፦ አሮጌው «ፓወርሼል»፣ አዲሱ «ፒደብሊውኤስኤች»። የሌሊቱ ሥራ አሁንም አሮጌውን እየጠራ ይመስለኛል።

7 ፋይልን በዩቲኤፍ-8 ያነባል። 5.1 ግን በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የተባለውን መለያ ካላገኘ በቆየው የዊንዶውስ የፊደል ሠንጠረዥ ያነበዋል፤ በዚያ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ጨርሶ የለም። ዕቃ ለባለቤቱ የሚደርሰው በስሙ ነውና ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በታስክ ስኬጁለር የሚጠራውን ፕሮግራም ወደ ፒደብሊውኤስኤች ይቀይሩት። በስክሪፕቱ አናት ላይም ስሪት 7ን የሚጠይቅ የ«ሪኳየርስ» መስመር ያክሉ፤ በስህተት በ5.1 ቢነሣ ስም ሳያበላሽ ይቆማል። ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ሰርቨር ከሆነ ወይም ስክሪፕቱ የቆዩ ሞጁሎችን የሚጠቀም ከሆነ፣ አንዳች ነገር ከመቀየርዎ በፊት የድርጅቱን የሲስተም ባለሙያ ያማክሩ።